የደለል ድንጋይ የት ይሠራል? የትስ ይገኛል?

(ስለ ማስረዳት ድርሰት የሚሰጥ ትምህርት)

ሀ. ርእሱና ቦታው

ተማሪዎች! ከዚህ በፊት ስለ ትረካና ስለ ገለጻ ተምራችኋል። በትረካ ጸሐፊው አንድ ጊዜ የሆነውን ነገር ይነግረናል፤ በገለጻ በዐይኑ ያየውን እኛም እንድናየው ያደርጋል። የዛሬው ትምህርት ስለ ማስረዳት ነው። በማስረዳት ድርሰት ጸሐፊው አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሆንና ስለ ምን እንደዚያ እንደሚሆን ለአንባቢው ግልጽ ያደርጋል። ለምሳሌ እንዲሆነን የመረጥነው ርእስ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ደረቅ ርእስ ነው የሚል ተማሪ አይጠፋም፤ ፍርዱን ለጥቂት ጊዜ እንዲያቆይልን እንጠይቀዋለን።

ደገሀቡር በሶማሌ ክልል፣ ከጅጅጋ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በጀረር ሸለቆ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟ የሶማሊኛ ነው። በሶማሊኛ «ደጋህ» ማለት ድንጋይ ሲሆን «ቡር» ማለት ደግሞ ኮረብታ ወይም ተራራ ነው። እንግዲህ ከተማዪቱ ድንጋይን በስሟ ውስጥ ይዛ ትኖራለች። የጀረር ወንዝ ግን ይዞ የሚወርደው አብዛኛው ነገር ድንጋይ አይደለም፤ ገና ድንጋይ ያልሆነ ነገር ነው። የዚህ ትምህርት ጉዳይ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ጀረር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይደለም። ከጅጅጋ አካባቢ ከፍታዎች ተነሥቶ ወደ ፋፈን የሚገባ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋው ደርቆ ይታያል። «ጉ» በሚባለው በሚያዝያና በግንቦት ዝናብ፣ ወይም «ደይር» በሚባለው በመኸር ወራት ዝናብ ግን ውኃው በድንገት ይመጣል። ያን ጊዜ ቀለሙ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። ጎርፉ ካለፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ወንዙ ዳር ብትወርዱ፣ ውኃው አርፎባቸው የነበሩ ዝቅተኛ ቦታዎች ስስ በሆነ ልስልስ ጭቃ ተሸፍነው ታገኛላችሁ። ፀሐይ ሲበረታበት ጭቃው ይሰነጠቃል፤ የእያንዳንዱ ስንጣቂ ጠርዝም እንደ ደረቀ ቆዳ ወደ ላይ ይቆለመማል። ይህን ያላየ የቆላ ልጅ የለም። ያየ ሁሉ ግን አላስረዳውም።

ለ. አንድ ቃል፣ ብዙ ነገር

በዕለት ተዕለት አማርኛ «ደለል» ስንል ጎርፍ አምጥቶ የተወውን ሁሉ ማለታችን ነው። አሸዋውም፣ ለም አፈሩም፣ ጭቃውም ደለል ይባላል። አንድ ገበሬ «ማሳዬን ደለል ለበሰው» ቢል የቅንጣቱ መጠን ስንት እንደ ሆነ አንጠይቀውም፤ ለንግግሩ ቃሉ ይበቃዋል። የአለት ጥናት ባለሙያ ግን በዚህ አይረካም። እርሱ ውኃ ያመጣውን ነገር የሚለየው በቅንጣቶቹ መጠን ነው። ስፋታቸው ከ2 ሚሊሜትር እስከ 1/16 ሚሊሜትር የሆኑትን አሸዋ ይላቸዋል። ከ1/16 እስከ 1/256 ሚሊሜትር፣ ማለት ከ0.0625 እስከ 0.004 ሚሊሜትር ገደማ ያሉትን ደለል ይላቸዋል። ከዚያም የሚያንሱት ሸክላ ይባላሉ።

እነዚህን መጠኖች በማስመሪያ መለካት አይቻልም፤ ይሁን እንጂ እጅና ጥርስ ይለዩአቸዋል። የአሸዋ ቅንጣት በዐይን ይታያል። ደለል ሲደርቅ በጣት መካከል እንደ ዱቄት ይልማል። ሸክላ ሲረጥብ ይጣበቃል፤ እንደ ተፈለገም ይቀረጻል፤ ማሰሮ የሚሠራውም ከእርሱ ነው። ደለልና ሸክላ ለጣት ሲመሳሰሉ፣ ባለሙያዎች ጥቂቱን በፊት ጥርሳቸው መካከል ይፈጩታል፤ ደለል ከሆነ ያንቀጫቅጫል፣ ሸክላ ከሆነ ግን እንደ ቅቤ ይሟልጫል። (ከብት ከዋለበት ቦታ ያነሣችሁትን ወደ አፋችሁ አታቅርቡ።)

አሁን ብያኔውን እንጻፍ። አንድን ነገር ስንበይን በመጀመሪያ የሚገባበትን ወገን፣ ቀጥሎም ከወገኖቹ የሚለይበትን ባሕርይ እንናገራለን። በባለሙያዎች ዘንድ ሲልትስቶን የሚባለውን ነገር እኛ በዚህ ትምህርት እንደሚከተለው እንበይነዋለን።

«የደለል ድንጋይ ከዘቀጡ የደለል ቅንጣቶች የተሠራ፣ ቅንጣቶቹ ተጣብቀው የጠነከሩ፣ እንደ ቅጠልም እየሳሳ የማይሰነጠቅ አለት ነው።»

ወገኑ «አለት» ነው። ሦስቱ ሐረጎች ደግሞ አጥሮች ናቸው። የመጀመሪያው ሐረግ የአሸዋ ድንጋይን ያስወጣል። ሁለተኛው ከጎርፍ በኋላ የሚቀረውን ልቅ ደለል ያስወጣል። ሦስተኛው ሼል የሚባለውን፣ በስስ ገበታ እየተላጠ የሚሰነጠቀውን የጭቃ አለት ያስወጣል። ከሦስቱ አንዱን ብታጎድሉ ብያኔው በር የሌለው በረት ይሆናል፤ ያልተፈለገውም ይገባል፣ የተፈለገውም ይወጣል።

ሐ. ስለ አገናዛቢው «የ»

«የደለል ድንጋይ» የሚለውን ስም እስቲ እንደገና ተመልከቱት። ይህ ስም በሁለት ስሞችና በአንድ ትንሽ ፊደል የተሠራ ነው። ትንሿ ፊደል «የ» ግን አንድ ሥራ ብቻ አትሠራም። የሚከተሉትን ሐረጎች አነጻጽሩ፦ የወርቅ ቀለበት፤ የወንዝ ድንጋይ፤ የወፍጮ ድንጋይ፤ የአባቴ ድንጋይ።

በመጀመሪያው «የ» ነገሩ ከምን እንደ ተሠራ ትናገራለች፤ ቀለበቱ ከወርቅ የተሠራ ነው። በሁለተኛው የት እንደሚገኝ ትናገራለች፤ ድንጋዩ ከወንዝ አልተሠራም፣ በወንዝ ውስጥ ተገኘ እንጂ። በሦስተኛው ለምን እንደሚያገለግል፣ በአራተኛው ደግሞ የማን እንደ ሆነ ትናገራለች። በንግግር መካከል ይህ ልዩነት አያስቸግረንም፤ ከወርቅ ቀለበት እንጂ ከወንዝ ድንጋይ እንደማይሠራ ስለምናውቅ ፍቺውን ዕውቀታችን ይመርጥልናል። አንባቢው ነገሩን አስቀድሞ የማያውቀው ሲሆን ግን የሚመርጥለት የለም።

«የደለል ድንጋይ» የሚለውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ሰው እንደ «ወንዝ ድንጋይ» ቈጥሮ በደለል ውስጥ ተቀብሮ የተገኘ ማንኛውም ድንጋይ ሊመስለው ይችላል። በጀረር አሸዋ ውስጥ ከላይ ተንከባልሎ የመጣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቢያገኝ «ይኸውና የደለል ድንጋይ» ሊል ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ይህን ስም በጻፈበት በመጀመሪያው ቦታ ፍቺውን መወሰን አለበት፦ ከደለል የተሠራ ድንጋይ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ከወሰነ በኋላ እስከ ድርሰቱ መጨረሻ ሊለውጠው አይገባም።

መ. ጎርፉ ካለፈ በኋላ

አንድ ነገር እንዴት እንደሚሆን የሚያስረዳ ጸሐፊ፣ ሐሳቡን ራሱ ነገሩ በሚሄድበት ቅደም ተከተል ቢያስኬደው ከብዙ ድካም ይድናል። የደለል ድንጋይ ታሪክ የሚጀምረው ከመዝቀጥ ነው።

በደንብ የደፈረሰ የጎርፍ ውኃ በብርጭቆ ቀድታችሁ ሳታነቃንቁ አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ከሥር ይወድቃል። ቀጥሎ ደለሉ ይወርዳል። ውኃው ግን ለረጅም ጊዜ አይጠልልም፤ ሸክላው ተንሳፍፎ ይቈያል። ይህ የሚሆነው አነስተኛ ቅንጣት በውኃ ውስጥ ሲወርድ ፍጥነቱ እጅግ ስለሚቀንስ ነው፤ ስፋቱ በዐሥር እጅ ያነሰ ቅንጣት ፍጥነቱ በመቶ እጅ ያንሳል። ጸጥ ባለ ውኃ ውስጥ ስፋቱ 0.1 ሚሊሜትር የሆነ ደቃቅ አሸዋ አንድ ሜትር ለመውረድ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። 0.01 ሚሊሜትር የሆነ የደለል ቅንጣት ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። 0.001 ሚሊሜትር የሆነ ሸክላ ግን ወደ 13 ቀን ያስፈልገዋል።

እነዚህ ሦስት ቍጥሮች ደለል የሚዘቅጥበትን ቦታ ይነግሩናል። ደለል ወንዝ በሚሮጥበት ቦታ አይዘቅጥም፤ እዚያ የሚቀረው ጠጠርና አሸዋ ነው። ውኃው ወጥቶ በሚተኛበት የጎርፍ ሜዳ፣ ወንዝ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ባሕር በሚገባበት ዴልታ፣ በሐይቅ ወለል፣ ማዕበል በማይደርስበት የባሕር ጥልቀትም ይዘቅጣል። ነፋስም ደለልን አንሥቶ ሩቅ አገር ያወርደዋል።

በሶማሌ ክልል ይህን ከማንም መጽሐፍ ይልቅ ቢርካ ያስተምራል። ቢርካ የዝናብ ጎርፍ የሚጠራቀምበት፣ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ የውኃ ጉድጓድ ነው። በደንብ የተሠራ ቢርካ በመግቢያው ላይ ጎርፉ አረፍ የሚልበት ትንሽ ጉድጓድ አለው፤ ዝቃጩ እዚያ እንዲቀር ነው። ነገር ግን ውኃው በዚያች ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ የሚቈየው ጥቂት ደቂቃ ነው። በጥቂት ደቂቃ አሸዋ ይቀራል፤ ደለል ግን ሦስት ሰዓቱን ስላላገኘ ከውኃው ጋር አልፎ ይገባል። በቢርካው ውስጥ ጊዜውን ያገኛል፣ ይዘቅጣልም። ቢርካው ካልተጠረገ በየዓመቱ የሚይዘው ውኃ የሚቀንሰው ስለዚህ ነው። የአዋሽን ውኃ የሚይዘው፣ እ.ኤ.አ. በ1960 የተሠራው የቆቃ ግድብ ሐይቅም የሚታመመው በዚሁ በሽታ ነው፤ ልዩነቱ የመጠን ብቻ ነው።

ደለል ከዘቀጠ በኋላ ድንጋይ ለመሆን ሁለት ነገር ይቀረዋል። አንደኛው ክብደት ነው። በላዩ ሌላ ደለል፣ በዚያም ላይ ሌላ እየተደራረበ ሲመጣ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ውኃ ተጨምቆ ይወጣል፤ ቅንጣቶቹም ይጠጋጋሉ። ሁለተኛው ማጣበቂያ ነው። በአለቱ ቀዳዳ የሚያልፈው ውኃ በውስጡ የሟሟ ኖራ፣ ሲሊካ ወይም የብረት ዝገት ይዞ ስለሚያልፍ፣ ይህን በቅንጣቶቹ መካከል እያስቀረ ያያይዛቸዋል። ቀይ የሆኑ የደለል ድንጋዮች ቀለማቸውን ያገኙት ከብረቱ ነው። ይህ ሁሉ የሚፈጀው ጊዜ በሰው ዕድሜ አይቈጠርም።

እዚህ ላይ ስለ ግሦቹ አንድ ነገር ልብ በሉ። ደፈረሰ፣ ዘቀጠ፣ ጠለለ፣ ደረቀ፣ ጠነከረ የሚሉት ሁሉ ኢተሻጋሪ ግሦች ናቸው፤ ድርጊቱ በባለቤቱ ላይ ይቀራል። «አ» ሲጨመርባቸው ተሻጋሪ ይሆናሉ፤ ውኃው ጠለለ፣ እናቴ ውኃውን አጠለለች እንላለን። የተፈጥሮን ሥራ ስታስረዱ፣ ሠሪው ተለይቶ ካልታወቀ በስተቀር፣ ኢተሻጋሪውን ምረጡ። ደግሞም ሁልጊዜ የሚሆነውን ነገር በኀላፊ ጊዜ አትጻፉ። «ደለሉ ዘቀጠ» ያለ ሰው ትናንት ያየውን ይተርካል፤ «ደለል ይዘቅጣል» ያለ ግን ያስረዳል። እነዚሁ ግሦች ለሰውና ለነገርም በምሳሌነት ይነገራሉ፤ «ነገሩ ደፈረሰ»፣ «ሰውየው ዘቀጠ» ይባላል። እነዚህ ለሌላ ድርሰት የሚያምሩ ናቸው፤ እዚህ ግን ቦታቸው አይደለም።

ሠ. የት ይገኛል?

በሶማሌ ክልል ብዙው የሚታየው አለት የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም ነው፤ አገሩ በጥንት ዘመን በባሕር ተሸፍኖ ስለ ነበረ ነው። ከእነዚህ ንብርብሮች አንዳንዶቹ በዓለም የአለት ጥናት መጻሕፍት ውስጥ የሚጠሩት በክልሉ ከተሞች ስም ነው፤ ቀብሪ ደሃር፣ ሙስታሂል፣ ፌርፌር እንደ ከተማም እንደ አለትም ይታወቃሉ። የደለል ድንጋዩን ለማግኘት ወደ ታች መውረድ ያሻል። ከባሕሩ አለት በታች፣ በሺህ በሚቈጠር ሜትር ጥልቀት፣ ባሕሩ ሳይመጣ በፊት በወንዝና በሐይቅ ውስጥ የዘቀጡ ንብርብሮች አሉ፤ ዕድሜያቸው 250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከእነዚህ አንዱ፣ ቦክ በሚል ስም የሚጠራው፣ ጥቁር ሼልና በመካከሉ የገባ የደለል ድንጋይ ያለበት የሐይቅ ዝቃጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ያገኘው እነዚህን ንብርብሮች እየቈፈረ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚሄድ መንገደኛ ግን ሳይቈፍር ያየዋል። የዓባይ ሸለቆ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ምድርን እንደ ተቈረጠ ዳቦ አድርጎ ያሳያል። ከሥር የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰምና ሼል፣ ከዚያ ወፍራም የኖራ ድንጋይ፣ ከእርሱም በላይ ሌላ የጭቃና የአሸዋ አለት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ አለት ተደራርበዋል። ከኖራ ድንጋዩ በላይ ያለው በሙገር ወንዝ ስም የሚጠራው ንብርብር ሲሆን፣ በውስጡ የጭቃ፣ የደለልና የአሸዋ ድንጋይ ይፈራረቃሉ። ባሕሩ ሸሽቶ ወንዞች በተተኩበት ጊዜ የዘቀጠ ነው። በትግራይ በዕዳጋ ዓርቢ ያለው ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቅ ነው፤ ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አገሩ በበረዶ ግግር በተሸፈነበት ዘመን የዘቀጠ ሲሆን፣ በደቃቁ ደለል መካከል ከተንሳፋፊ በረዶ ላይ የወደቁ ትላልቅ ድንጋዮች ተሰክተው ይገኛሉ። ትግራይን በበረዶ ሥር ማሰብ ይከብዳል፤ ድንጋዩ ግን ይህንኑ ይመሰክራል።

በአፋር በሐዳር ደግሞ መንገዱ ገና መካከል ላይ ነው። በ1967 ዓ.ም. ድንቅነሽ የተገኘችባቸው ንብርብሮች በወንዝና በሐይቅ የዘቀጡ አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ ናቸው፤ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቢሆናቸውም ብዙ ቦታ ላይ ዝናብ በቀላሉ ይሸረሽራቸዋል። አጥንቶቹ ወደ ላይ ብቅ የሚሉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

በዓለም ዙሪያ ያለውን ሁሉ መዘርዘር አይቻልም፤ የደለል ድንጋይ የሌለበት አህጉር የለምና። በደቡብ አፍሪካ በካሩ ምድር እጅግ ሰፊ አገር በጭቃና በደለል ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ዳይኖሰሮች ሳይመጡ በፊት የነበሩ እንስሳት አጥንት ሞልቶበታል። ከሂማላያ ግርጌ የሚገኙት የሲዋሊክ ኮረብቶች ወንዞች ከተራራው ያወረዱትን አሸዋና ደለል ተሸክመዋል። በአሜሪካ በአሪዞናና በዩታ ግዛቶች ሞኤንኮፒ የሚባል ቀይ አለት አለ። በእርሱ ላይ የውኃ ሞገድ ያሰመረው መሥመር፣ የጭቃ ስንጥቅና ከ240 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ተሳቢ እንስሳት ዱካ ታትሞ ይታያል። ያ ስንጥቅ በጀረር ዳር ከምታዩት በመልክ አይለይም፤ አንዱ ድንጋይ ነው፣ ሌላው በሚቀጥለው ጎርፍ ይጠፋል። ከምድራችን ውጭ እንኳ፣ ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው ተሽከርካሪ እ.ኤ.አ. በ2013 በማርስ ላይ የደለል ድንጋይ የቅርብ ዘመድ የሆነውን የጭቃ ድንጋይ ሰርስራለች።

ዛሬ እየተሠራ ያለውን ለማየት ደግሞ ወደ ዓባይ እንመለስ። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ሲባል ትሰማላችሁ። ከግንዱ ይልቅ የሚበዛው አፈሩ ነው። ይህ አፈር ለብዙ ሺህ ዓመታት ግብጽ ድረስ እየሄደ ዴልታውን ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1970 የተጠናቀቀው የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ግን በሐይቁ ውስጥ አስቀረው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው ከታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በኋላም ብዙው ገና ከኢትዮጵያ ሳይወጣ መዝቀጥ ጀምሯል። ደለሉ የሚተኛበት ቦታ በዐይናችን ፊት ተዛውሯል ማለት ነው።

ረ. አንድ ቃል ሲጨመር

አንድ ተማሪ የሚከተለውን አንቀጽ ጻፈ እንበል።

«የደለል ድንጋይ በደገሀቡር በብዛት ይገኛል። ጎርፍ በመጣ ቍጥር የጀረር ወንዝ የደለል ድንጋይ ያመጣል። ድንጋዩም በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሕዝቡ በዚህ ድንጋይ ላይ ቤት ቢሠራ ይጠቀማል።»

በሰዋስው በኩል ስሕተት አታገኙበትም፤ ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ ተስማምተዋል፣ ዐረፍተ ነገሮቹም አጫጭርና ግልጽ ናቸው። ስሕተቱ ያለው «ድንጋይ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ጸሐፊው ያየው ደለል ነው፤ የጻፈው ግን ስለ ደለል ድንጋይ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ክብደት፣ ማጣበቂያና ሚሊዮን ዓመታት አሉ፤ እርሱ በአንድ ቃል ዘለላቸው። ቢታረም እንዲህ ይሆናል።

«ጎርፍ በመጣ ቍጥር የጀረር ወንዝ ደለል ያመጣል። ደለሉ ውኃው በሚያርፍበት ዳር ይዘቅጣል፤ ውኃው ሲሸሽም በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል። በዚህ ጊዜ የጠነከረ ቢመስልም ድንጋይ አይደለም፤ ውኃ ሲገባበት ይፈርሳል። ድንጋይ ለመሆን ሌላ ደለል ሊጫነው፣ በውስጡ ያለው ውኃ ሊጨመቅ፣ ቅንጣቶቹም ሊጣበቁ ይገባል።»

አራተኛው ዐረፍተ ነገር ወጥቷል። ቀላል ምክር ይመስል ነበር፤ ከአራቱ እጅግ የከፋው ግን እርሱ ነበር። በሰሜን ቻይና ነፋስ ያከማቸው፣ ሎስ የሚባል ወፍራም ደለል አለ። ሲደርቅ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ቤቱን በውስጡ እየፈለፈለ ይኖርበታል። ነገር ግን ድንጋይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1920 በሃይዩዋን አካባቢ በደረሰው የምድር መናወጥ ኮረብቶቹ እንደ ውኃ ፈሰሱ፤ ከ200,000 በላይ ሰው ሞተ፤ ከእነዚህም እጅግ ብዙዎቹን የገደላቸው የተናደው ደለልና የተደረመሰው ዋሻ ቤት ነው። የቆመ ሁሉ ድንጋይ አለመሆኑን ለማወቅ ቀላሉ ፈተና ውኃ ነው። የደረቀ የደለል ጓል ውኃ ውስጥ ብትጥሉት ጥቂት ቈይቶ እየፈረሰ ይረግፋል፤ በደንብ የተጣበቀ የደለል ድንጋይ ግን እንዳለ ይቀመጣል።

መልመጃ

1. በሚከተሉት ሐረጎች ውስጥ «የ» ምን እንደምታመለክት ተናገሩ፦ የውኃ ጉድጓድ፤ የጉድጓድ ውኃ፤ የሸክላ ማሰሮ፤ የሸክላ አፈር፤ የደገሀቡር ድንጋይ፤ የድንጋይ ቤት። ከአንድ በላይ ፍቺ ያለውን ለይታችሁ እያንዳንዱን ፍቺ በሚገልጽ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አግቡት።

2. ደረቀ፣ ጠነከረ፣ ዘቀጠ፣ ደፈረሰ የሚሉትን ግሦች መጀመሪያ ኢተሻጋሪ፣ ቀጥሎ ተሻጋሪ አድርጋችሁ ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው።

3. አማርኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ያልሆነ ተማሪዎች፣ በቋንቋችሁ አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ በየራሳቸው ስም ይጠሩ እንደ ሆነ ቤተሰባችሁን ጠይቁ። ሁለቱ በአንድ ስም የሚጠሩ ከሆነ ሽማግሌዎች በምን እንደሚለዩአቸው በአንድ አንቀጽ አስረዱ።

4. በአቅራቢያችሁ ካለ ወንዝ፣ ኩሬ ወይም ቢርካ ዳር ሁለት ጓል አንሡ። በውኃ ፈትኑአቸው፤ የሆነውንም ከ150 ቃላት ባልበለጠ የማስረዳት ድርሰት ጻፉ። «የደለል ድንጋይ» የሚለውን ስም ከመጠቀማችሁ በፊት ውኃው ውስጥ ያለውን ተመልከቱ። ያልፈረሰ ጓል ካገኛችሁ ያነሣችሁበትን ቦታ ከነምልክቱ ጽፋችሁ ድንጋዩን ለጂኦግራፊ መምህራችሁ አሳዩ።